ሹልና ዱልዱም

የያዙኝ ጠመኔ በእጄ እንዳለ ነው። ትምህርት ላይ ነበርኩ፤ ሁለት ፖሊሶች መጥተው በሩ ላይ ቆሙ። አንደኛው በዕድሜ ጠና ያለ ሰው ነበር፤ ኮፍያውን አውልቆ፣ "ጋሼ፣ ለአንድ አፍታ ይፈለጋሉ" አለኝ። ጠመኔውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ፣ ተማሪዎቹን ሰሌዳው ላይ ያለውን ቅዱ ብዬ ወጣሁ። እስከዚያ ቀን ድረስ "ለአንድ አፍታ" የምትባለው ነገር አጭር ትመስለኝ ነበር። የእኔዋ አፍታ ከዓመት በላይ ነው የፈጀችው።

የታኅሣሡ የመፈንቅለ መንግሥት ግርግር በሆነበት በዚያው ዓመት ነው። አዲስ አበባ የተተኮሰው ጥይት አሰላ ድረስ ባይሰማም ፍርሃቱ ግን ደርሶ ነበር። ሦስት ሰው ቆሞ ካወራ አንዱ ጆሮ ጠቢ ነው ይባላል። እኔ በፖለቲካ የምታማ ሰው አልነበርኩም። አያቴ ከሸዋ መጥተው አርሲ ከሰፈሩት አንዱ ናቸው፤ አባቴ የአውራጃው ጽሕፈት ቤት ጸሐፊ ነበሩ፤ እኔም ኮሌጅ ተምሬ በተወለድኩበት ከተማ ሳይንስ የማስተምር፣ ጫማዬን በየጠዋቱ የምወለውል ሰው ነበርኩ። መንግሥት የሚፈራውን ዓይነት ሰው ሥዕል ሥሩ ብትሉኝ የራሴን ፊት የምሥል አይመስለኝም።

ያስገቡኝ ክፍል በጣሊያን ጊዜ የእህል መጋዘን የነበረ ነው። መስኮት የለውም፤ ከጣራው ሥር እጅ የምታሾልክ ቀዳዳ ብቻ አለች። በግድግዳው ስንጥቅ ውስጥ የቆየ የስንዴ አቧራ ተጋግሮ ቀርቶ ነፋስ በገባ ቁጥር ያስነጥሳል። ወለሉ ላይ ጭድ ተጎዝጉዟል፤ ጭዱን አልፎ የጭላሎ ብርድ ከሲሚንቶው ይወጣል። ዐይኔ ጨለማውን ሲለምድ ጥጉ ላይ ጋቢ የተከናነቡ ሽማግሌ ተቀምጠው አየሁ።

"ባርሲሳ" አሉኝ። በኦሮምኛ አስተማሪ ማለት ነው። "አንተንም አመጡህ?"

ድምፃቸውን አወቅሁት። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ለምን እንደተያዝኩ አላውቅም ነበር። እሳቸውን ሳይ ገባኝ፤ ሲገባኝም ከማልቀስ ይልቅ ሣቄ መጣ።

ስማቸውን አልጽፍም። ልጆቻቸው በሕይወት አሉ፤ ሳያስፈቅዱ የሰው አባት ስም በየወረቀቱ ማዞር ደግ አይመስለኝም። የአርሲ ኦሮሞ ናቸው፣ እስላም። ከከተማው ወጣ ብሎ በኢተያ መንገድ ያለውን የውሃ ወፍጮ የሚጠብቁ ጭሰኛ ነበሩ። ወፍጮው የባላባቱ ነው፤ መሬቱም የባላባቱ ነው፤ የእሳቸው የሆነው አፋቸው ብቻ ነበር። ይህ አፋቸው ግን በአካባቢው ትልቅ ሀብት ነበር። ሰው ተጣልቶ ሲታረቅ፣ ልጅ ሲዳር፣ መንገደኛ ሲነሣ፣ "እሳቸው ይጠሩና ይመርቁ" ይባላል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በሚያዝያ አንድ ሩሲያዊ ሰማይ ወጥቶ፣ ምድርን ዞሮ፣ በሕይወት ተመለሰ። ሬዲዮ ያለው ሁሉ ሰማ፤ ሬዲዮ የሌለው ሬዲዮ ካለው ሰማ። ተማሪዎቼ እንዴት እንደወጣ አልጠየቁኝም፤ ርችት የሚያህል ነገር አይተዋል፣ ሮኬት ይገባቸዋል። አንዲት ተማሪ ግን ተነሥታ፣ "ሲመለስ ለምን አልተቃጠለም?" አለችኝ። እንዲህ ያለ ጥያቄ ለአንድ አስተማሪ በዕድሜው ስንቴ ይመጣለታል? እኔ እንጃ። በደስታ ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

መልሱ ያለው አየሩ ዘንድ ነው። ከድምፅ እጅግ ፈጥኖ የሚወርድ ዕቃ፣ ከፊቱ ላለው አየር ወሬው ሳይደርሰው ራሱ ይደርስበታል። አየሩ ዞር የሚልበት ጊዜ የለውም፤ ይታመቃል፣ ይግላል። ዕቃው ሹል ከሆነ ግለቱ እጫፉ ላይ ተጣብቆ ያቀልጠዋል። ዱልዱም ከሆነ ግን የታመቀው አየር ከፊቱ ራቅ ብሎ እንደ ግድግዳ ይቆማል፤ ግለቱም አብዛኛው እዚያው ቀርቶ ግራና ቀኝ ያልፋል። ሰው የሚመለስበት ዕቃ እንደ ጦር የማይሾለው፣ የተደፋ ድስት የሚመስለው ለዚህ ነው። ይህን አንድ የአሜሪካ መጽሔት ላይ በሥዕል አይቼዋለሁ። ነገር ግን ለተማሪ "እመኑኝ" ማለት አልወድም፤ አየር ደግሞ አይታይም።

ኮሌጅ ያስተማረን አንድ ሕንዳዊ፣ "ፈጣን ነፋስ ማየት ስትፈልጉ ስስ ውሃ በተዳፋት ላይ ልቀቁ" ይለን ነበር። ውሃው ስስ ሆኖ ሲፈጥን እንደዚያ አየር ይሆናል፤ ከፊቱ እንቅፋት መኖሩን አስቀድሞ የሚነግረው የለም። ትልልቆቹ አገሮች ለዚህ ሥራ ቤት የሚያህል የነፋስ ማሽን አላቸው አሉ። እኔ ያለኝ የሽማግሌው ወፍጮ ነበር። ውሃው ወደ መዘውሩ የሚወርድበት አሸንዳ ከላሜራ የተሠራ ነው፣ ሰፊና ዝርግ። ከጥድ እንጨት ሁለት ቁራጭ ጠርቤ፣ አንዱን ሹል ሌላውን ዱልዱም አድርጌ፣ ተማሪዎቼን አስከትዬ ሄድኩ።

ገበያ ቀን ስለነበር እህል የሚያስፈጨው ገበሬ ሁሉ ተራ ይጠብቃል። ሽማግሌው ውሃውን ቀነስ አድርገው ወፍጮውን አቆሙልኝ፤ ሥራ የፈታው ሰው ከበበን። ሹሉን ሳቆም ውሃው ከጫፉ ላይ ተሰንጥቆ እንጨቱን ታክኮ ወረደ። ዱልዱሙን ሳቆም ግን ከፊቱ፣ ሳይነካው፣ የውሃ ቅስት ተነሥቶ ቀጥ አለ። ገለባ በተንን፤ ገለባው እየበረረ መጥቶ ቅስቱ ላይ ሲደርስ ፍጥነቱ ይበርድና እንጨቱን ዞሮ ያልፋል። ያቺ ተማሪ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ "ገባኝ" አለች። ገበሬዎቹም ጠየቁኝ፤ በኦሮምኛ አስረዳኋቸው። ሰማይ ወጥቶ የተመለሰ ሰው መኖሩን ያን ቀን የሰሙም ነበሩ።

ሲያልቅ ሽማግሌው ተነሡ። በእነሱ ዘንድ ሰው ተሰብስቦ ሳይመረቅ አይበተንም። ሁሉም መዳፉን ዘረጋ፤ ተማሪዎቼም ዘረጉ፣ እኔም ዘረጋሁ። እሳቸው አንድ ቃል ሲሉ እኛ በአንድ ድምፅ "አሚን" እንላለን። ካሏቸው ሁሉ የማልረሳው "ካን በኤ ነጋን ሃ ገሉ" ያሉትን ነው። የወጣ በሰላም ይግባ ማለት ነው። ሰማይ ለወጣው፣ ለማያውቁት ሰው መሆኑ ነው።

የባላባቱ ምስለኔ በበቅሎው ሆኖ ከዳገቱ ላይ ያየን ነበር። ዕድሜውን ሙሉ እዚያ አገር ግብር ሲሰበስብ ኖሮ ከኦሮምኛ "አምጣ" ከማለት ሌላ አልለመደም። ከሩቅ ያየው ጭሰኛ ተሰብስቦ፣ አንድ ሽማግሌ መሐል ቆሞ ሲናገር፣ ሁሉም እጁን ዘርግቶ በአንድ አፍ ሲመልስ ነው። በመሐል አንድ የተማረ ሰው አለ። አንድ ሹል ነገርም አለ። ታኅሣሥም ገና ቅርብ ነው። በቅሎውን ወደ ከተማ አዙሮ፣ "ተማምለዋል" ብሎ ተናገረ።

በዚያች ክፍል ውስጥ ከሽማግሌው ጋር ሰነበትን። ከእኔ ቀድመው ነበር የመረመሯቸው፤ የግራ እጃቸው ጣቶች አይታጠፉም ነበር። ምን እንዳደረጓቸው አልነገሩኝም፣ እኔም አልጠየቅሁም። ለሶላት የሚታጠቡበት ውሃ ስለማይሰጣቸው ግድግዳውን በመዳፋቸው ነክተው በአቧራው ፊታቸውን ያብሳሉ። ከዚያ ዞር ይሉና ይቀልዱብኛል። "ባርሲሳ፣ ያ ሩሲያ ሰማይ ሄዶ መጣ። እኛ ወፍጮ ሄደን መምጣት አቃተን" ይሉኛል። እስቃለሁ፤ ስቄ ስጨርስ ግን ዐይኔ ወደ ጣቶቻቸው ይሄዳል።

አንድ ቀን ጠዋት ሁለታችንንም ወደ ግቢው አወጡን። ፀሐይዋ ዐይን ትወጋለች። ጉዳያችንን የያዘው ሻምበል ከጠረጴዛው ኋላ ተቀምጧል፤ ጠረጴዛው ላይ ሁለቱ እንጨቶቼ ተቀምጠዋል። ሻምበሉ ኮሪያ ዘምቶ የመጣ፣ ጥፍሩ ንጹሕ፣ ድምፁን ከፍ የማያደርግ ሰው ነበር። ክፉ ሰው ነበር ብል ይቀለኝ ነበር፤ ግን አልነበረም። አጠገቡ አንድ አስር አለቃና ኦሮምኛ የሚያስተረጉም የአገሩ ልጅ የሆነ ጸሐፊ ቆመዋል።

"አስተማሪ ነኝ፣ ሳስተምር ነው የተያዝኩት ብለሃል" አለኝ ሻምበሉ። "እንግዲያው አስተምር። ነገሩ ትምህርት መሆኑን በዐይኔ ካየሁ ሽማግሌውን ወደ ወፍጮው እመልሰዋለሁ። አንተንም ወደ ክፍልህ። ካላየሁ ግን ምስለኔው ያለው እውነት ነው ማለት ነው።"

ከወጥ ቤቱ ጀርባ የወደቀ ላሜራ አስመጣሁ። ከበርሜሉ ውሃ የሚቀዱ እስረኞች ተመደቡልኝ፤ አንደኛው በድንበር ጠብ የገባ የዲክሲስ ገበሬ ነበር። ላሜራውን ድንጋይ ላይ አጋድሜ ዱልዱሙን እንጨት አቆምኩና "አፍስሱ" አልኩ። ውሃው ወፍሮ ተንቀራፈፈ። እንጨቱ ከደረሰበት ሞገዱ ወደ ላይ ወደ ባልዲው ተመልሶ ይወጣል፤ ቅስት የሚባል ነገር የለም። ደግመው አፈሰሱ፤ ያው ነው። አስር አለቃው፣ "ውሃ ቢወቅጡት መልሶ እንቦጭ" ብሎ ሣቀ።

ዞሬ ሽማግሌውን አየኋቸው፤ ደንገጥ እንኳ አላሉም፤ ላሜራውን ነበር የሚያዩት። ችግሩ ምን እንደሆነ አውቃለሁ፤ ተዳፋቱ አንሷል፣ ውሃውም በአንድ በኩል ይበዛል። ግቢው ውስጥ ዙሪያዬን አየሁ። ጠረጴዛው ከልክ በላይ ይረዝማል፤ ለዚህ የሚመጥን፣ የማይነቃነቅ ነገር አንድ ብቻ ነበር።

"ሻምበል፣ ወንበርዎ ያስፈልገኛል" አልኩ።

አስር አለቃው ወደ እኔ ተራመደ። ሻምበሉ ግን በእጁ አስቆመውና ትንሽ አይቶኝ ተነሣ። የላሜራውን አንድ ጫፍ ወንበሩ ላይ ሰቀልኩት። እላዩ ላይ እርጥብ ጆንያ አጥፌ አነጠፍኩና ውሃውን ጆንያው ላይ እንዲያፈስሱ አደረግሁ፤ ጆንያው ውሃውን አሳስቶና እኩል አድርጎ ይለቀዋል። ከሸሚዜ ላይ የተጣበቀውን ጭድ ለቅሜ ሰባበርኩት።

በመጀመሪያ ሹሉን አቆምኩ፤ ውሃው ታክኮት አለፈ። ከዚያ ዱልዱሙን አስቀመጥኩ። ቅስቱ ተነሣ። ጭዱ እየሮጠ መጥቶ፣ ቅስቱ ላይ ደርሶ በረድ ብሎ ዞረ። የዲክሲሱ ገበሬ ባልዲውን እንደያዘ አንገቱን አስግጎ ማየት ጀመረ፤ ሌሎቹም ተጠጉ። ሻምበሉ ጎንበስ ብሎ ጣቱን ውሃው ውስጥ ከተተ፤ በጣቱም ፊት ትንሽ ቅስት ተነሣች።

"ይሄ ከፊቱ የቆመው ምንድን ነው?"

"የታመቀው አየር ነው፣ ሻምበል። እሳቱ ያለው እዚያ ነው። ዕቃው ጋ የሚደርሰው ጥቂቱ ነው።"

"ሹሉስ?"

"ሹሉ እሳቱን የሚቀበለው በራሱ ጫፍ ነው። ይቃጠላል።"

በዚያ ዓመት ታኅሣሥ ሹል ሹሉ ሰው እንዴት እንዳለቀ ግቢው ውስጥ የማያውቅ አልነበረም። ሻምበሉ ጣቱን አውጥቶ በመሐረቡ ጠረገና፣ "ጥሩ አስተማሪ ነህ" አለኝ። እውነቱን ነበር። ያን ያህል ቀጥ ብሎ የተከታተለኝ ክፍል ከዚያ ወዲህ አላገኘሁም።

ከዚያ ወደ ሽማግሌው ዞረ። "አንተስ ያን ቀን ምን ነበር ያልከው?"

ሽማግሌው ደገሙት፤ ጸሐፊው አስተረጎመ። አንድም ቃል አላጎደለም። "የወጣ በሰላም ይግባ ነው ያሉት፣ ጌታዬ።"

"ማን ነው የወጣው?"

"ሰማይ የወጣው ሰውዬ ነው ይላሉ።"

"እሱ ለዚህ ሰውዬ ምኑ ነው?"

ሽማግሌው አስተርጓሚውን አልጠበቁም። "እናት አለው አይደል?" አሉ በአማርኛ።

ወደ ክፍላችን መለሱን። ሽማግሌው ጋቢያቸውን አራግፈው፣ ጭዱን አንድ በአንድ ለቅመው፣ አጣጥፈው ተቀመጡ። ሊሄዱ የተነሡ ሰው ይመስላሉ። እኔም ተስፋ አደረግሁ፤ ነገ ከየትኛው ገጽ እንደምጀምር ማሰብ ያዝኩ።

ከቀትር በኋላ እኔን ብቻ ጠሩኝ። ሻምበሉ ቢሮው ውስጥ ነበር። ወንበሩ ገና አልደረቀ ኖሮ ጋዜጣ አንጥፎበታል።

"ገብቶኛል" አለኝ። "ትምህርት ነው። ሽማግሌው ያለውም ምርቃት ነው።"

"እንግዲያው እንሂዳ።"

"ጉዳዩ አዲስ አበባ ሄዷል። መሐላ ነው ብለን አስታውቀናል። ንቁ ናችሁ ተብለን ተመስግነናል።"

"ይታረማላ፣ ሻምበል።"

"ማን ያርመዋል? እኔ?" አለ። ለመጀመሪያ ጊዜ ዐይኑን ከእኔ ላይ አነሣ። ካፈርኩ አይመልሰኝ የሚሉት ይህን ነው። አንድ መንግሥት ከአንድ ምስለኔ ወሬ ላይ ከሚመለስ፣ ሰው ከሰማይ ቢመለስ ይቀላል።

ከዚያ ቀስ ብሎ አግባባኝ። "አንተ የእኛ ልጅ ነህ። አባትህን አውቃቸዋለሁ። ቋንቋውን ታውቃለህ። ሽማግሌው ሲያስምል ሰማሁ በል፤ አንዲት ቃል ናት። አንተን አታለሉህ ይባልና ነገ ክፍልህ ትገባለህ።"

"እሳቸውስ?"

"ሽማግሌ ነው። ብዙ አይቆይም።"

የትኛውን መቆየት እንደሆነ አልጠየቅሁትም። "ሄደህ አስብ፣ ከመምሸቱ በፊት እጠራሃለሁ" አለኝ።

አሰብኩ። አላስውበውም፤ መውጣት ፈለግሁ። ሰሌዳዬ ታየኝ፣ የእናቴ ቤት ታየኝ። በዚያ ላይ ፍርሃት ነበረብኝ፤ የሽማግሌው የማይታጠፉ ጣቶች ከዐይኔ አልጠፉም። ሽማግሌው ሁሉን ንገረኝ አሉ፤ ሁሉንም ነገርኳቸው። የጠበቅሁት "አንተ ወጣት ነህ፣ በልና ውጣ" እንዲሉኝ ነበር መሰለኝ። እሳቸው ግን ከታሰርን ጀምሮ ያን ጊዜ ብቻ ተቆጡ።

"ባርሲሳ፣ እኔ እዚህ ብሞት ግድ የለም። አፌን ግን አትሽጥ" አሉኝ። "ኤባ ሌላ ነው፣ ካኩ ሌላ ነው። ምርቃት ሌላ ነው፣ መሐላ ሌላ ነው። ስንት ልጅ መርቄ ድሬአለሁ። ስንት ጠበኛ መርቄ አስታርቄአለሁ። ይሄ ሰውዬ ሲመርቅ ያስምላል ከተባለ ከእንግዲህ ማን እጁን ይዘረጋል? ያን ቀን እጁን የዘረጋ ሁሉስ? ገበሬው? የአንተ ልጆች? እኔ አስማይ ከሆንኩ እነሱ ምን ሊሆኑ ነው?"

እንዲህ አድርጌ ማሰብ ነበረብኝ፤ አላሰብኩም ነበር። አንዲት ቃል ናት ያለኝ ሻምበሉ እያንዳንዱን የተዘረጋ መዳፍ ሊቆጥርባት ነው። ያቺ ጥያቄ የጠየቀችው ልጅም መዳፏን ዘርግታለች።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ጠሩኝ። ያው ጸሐፊ ብዕሩን ቀለም ነክሮ ይጠብቃል።

"ምርቃት ነው፣ ሻምበል" አልኩት። "ኦሮምኛ እሰማለሁ፤ አጠገባቸው ቆሜ ሰምቻለሁ። ምርቃት ነው።"

"አስበህ ነው?"

"አስቤ ነው።"

ጸሐፊው ብዕሩን ቀስ ብሎ አስቀመጠ። ሻምበሉ አልተቆጣም፤ አልተመታሁም። "እንግዲህ ሹሉን መረጥክ" አለኝና እንዲወስዱኝ በአገጩ አሳየ።

በማግሥቱ ሽማግሌውን ሊወስዷቸው መጡ። አዲስ አበባ ይሁን ሌላ ቦታ የነገረን የለም። በሩ ላይ አስር አለቃው፣ "አንድ ቃል ብትናገር ወዮልህ" አላቸው። ስንዴ የጫነ ካሚዮን ግቢው ውስጥ ይጠብቃል፤ ከጆንያው ላይ ሊያስቀምጧቸው ነው። እኔ በሩ ክፍት ስለነበር ወደ ግቢው ወጣሁ፤ የከለከለኝ የለም። ምን እንደማደርግ አላሰብኩበትም። መዳፌን ዘረጋሁ።

እንደ ማስረጃ የተቆጠረብን ያ እጅ ነበር፤ ሁሉም ያውቃል። የዲክሲሱ ገበሬ ባልዲውን መሬት አስቀምጦ ዘረጋ። ከዚያ ውሃ የሚቀዱት፣ ከዚያ ፀሐይ የሚሞቁት። ከመሐላቸው ኦሮምኛ የማይሰማ ነበር፤ ክርስቲያኑም ነበር፤ በሌብነት የገባም ነበር። ሽማግሌው ቆም ብለው ዙሪያውን አዩን። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፣ ድምፅ አልወጣም። አስር አለቃው ወደ እኛም ወደ እሳቸውም አየ፤ ማንን እንደሚመታ ጠፋው። ካሚዮኑ ከግቢው እስኪወጣ ድረስ አንድም እጅ አልወረደም።

እኔን ክስ ሳይመሠርቱብኝ አንድ ቀን "ሂድ" አሉኝ። ትምህርት ቤቱ አልተቀበለኝም። ሽማግሌው አልተመለሱም። ታመው ሞቱ የሚል ወሬ ደረሰ፤ የት እንደተቀበሩ የሚያውቅ ግን አልተገኘም። በእሳት ውስጥ ያለፈው ያ ሰውዬ አገሩ ገብቶ አበባ ተበርክቶለታል። በስንዴ ካሚዮን ኢተያን አልፎ የሄደው ሰው ቤቱ አልገባም። ይህን ባሰብኩ ቁጥር አሁንም ጥርሴን እነክሳለሁ።

ባላባቱ ወፍጮውን ለሌላ ሰው ሰጥቶ ቤተሰቡን ስላስነሣ ወደ ኦጎልቾ በኩል ወርደው ነበር። ፈልጌ ሄድኩ። ባለቤታቸው በሩ ላይ ቆመው ተቀበሉኝ፤ ግባ አላሉኝም። አስተማሪው ተፈታ፣ ሽማግሌው ቀረ፤ አገሩ ከዚህ ምን እንደሚያወጣ ግልጽ ነው። እኔም በእነሱ ቦታ ብሆን ያንኑ አስብ ነበር። ፀሐዩ ላይ ቆሜ የሆነውን ነገርኳቸው።

"መጨረሻ ላይ ጠየቁህ?" አሉኝ።

"ጠየቁኝ።"

"ምን አልክ?"

"ኤባ ነው አልኩ።"

"እሱስ? ሲመቱት ካኩ ነው አላለም?"

"አላሉም፣ እናቴ።"

ከዚያ ከበሩ ላይ ዘወር ብለው መንገድ ሰጡኝ፤ ገብቼ ተቀመጥኩ። ወተት ሰጡኝ። ስለዚያ ነገር ከዚያ በኋላ አልተነጋገርንም።

አሁን አርጅቻለሁ። የእህቴ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ታስተምራለች፤ በቀደም ኮምፒውተሯ ላይ አንድ ሥዕል አሳየችኝ። ዱልዱም ዕቃ በአየር ውስጥ ሲወርድ የሚሆነውን በሒሳብ እያሰላ በቀለም የሚያወጣ ነው፤ ከፊቱ ቀይ ቅስት ቀጥ ብሎ ቆሟል። ይህን ለማስላት ማሽኑ ቀንና ሌሊት ይሠራል አለችኝ። እኔ በወህኒ ቤት ግቢ፣ በላሜራና በጆንያ አይቼዋለሁ አልኳት። የቀለድኩ መስሏት ሣቀች። ልነግራት ፈልጌ ተውኩት፤ ከየት ይጀመራል?

ወደ አዲስ አበባ የተላከው ወረቀት ግን ካልተቃጠለ አንድ ቦታ አለ። እዚያ ላይ እሳቸው አስምለዋል፣ እኛ ምለናል። ከዚያ ወዲህ ስንት መንግሥት ሄደ፣ ስንቱ መጣ፤ አውጥቶ ያረመው የለም። ያስታረቋቸው ሰዎች አልቀዋል፤ የዳሯቸው ልጆችም አርጅተዋል። አስተማሪ ነኝ፤ ስሕተት አይቼ ማለፍ አልችልም፤ ይህን የጻፍኩትም ለሌላ አይደለም። እኔ እዚያ ቆሜ ነበር፤ ቋንቋውንም እሰማለሁ። ምርቃት ነበር።